ሁለት መቶ ሜትር እና አንድ ሁዳዴ

የካቲት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ሞጣ

ነገ ሁዳዴ ይገባል። ዛሬ ከልምምድ በኋላ ኮች ስጦታው ለብቻዬ ጠርተው፣ ዘንድሮ እንዳትጾሚ አሉኝ። አምና የታፋዬ ጅማት የተበጠሰው በጾሙ አጋማሽ እንደነበር አስታወሱኝ። የምረሳው መስሏቸው ነው። ጅማቱ ሲበጠስ የአዲስ አበባው ክለቤም አብሮ ተበጠሰ፤ ውሌን አላደሱልኝም። ሻንጣዬን ይዤ፣ በልጅነቴ ሩጫ ወደተማርኩበት ወደ ሞጣ ተመለስኩ።

አሁን የቀረኝ አንድ በር ነው። መጋቢት አሥራ ዘጠኝ ባሕር ዳር ላይ የክልሉ ቡድን ይመረጣል። በሁለት መቶ ሜትር የሚያልፉት ሁለት ሴቶች ናቸው። ከሁለቱ አንዷ ከሆንኩ ክለብ ያየኛል። ካልሆንኩ ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቶኛል፤ ብቸና መናኸሪያ ከእማዬ አጠገብ ተቀምጬ ቆሎ መሸጥ ነው።

ለእማዬ ደወልኩላት። ጾሙን በደኅና ያስፈጽምሽ አለችኝ። አሜን፣ አንቺንም አልኳት። ኮች ያሉኝን አልነገርኳትም።

የካቲት 10

ሁለቱንም ቀን ጾምኩ። ዛሬ በአመድ የተሠመረው መስመር ሁለት ሆኖ ታየኝና ሜዳው ላይ ቁጭ አልኩ። ኮች አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "ትህትና፣ ጡንቻ በሽሮ አይሠራም" ብለው ሰዓታቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

የንስሐ አባታችንን መምሬ ሀብተ ሥላሴን ደውዬ ማስፈቀድ እችላለሁ። ለደካማ ይፈቀዳል። ግን በዚህ እግር መምሬ ፊት ቀርቤ ደካማ ነኝ ከምል መሬት ብትውጠኝ ይሻላል። ደግሞ መምሬ ካወቁ እማዬም ታውቃለች።

የካቲት 13፣ ዐርብ

በላሁ።

የሚያከራዩኝ እትዬ ሂዳያ ናቸው። ገበያው ዳር ጨርቅ ይሸጣሉ። ገና በአሥራ አምስት ዓመቴ እማዬ ከብቸና አምጥታ በአደራ የሰጠችኝ ለእሳቸው ነው፤ ዘንድሮም የተመለስኩት እዚያችው ክፍል ነው። ረመዳን ከገባ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ከንጋት ጀምሮ ውኃ እንኳ አልቀመሱም። በምሳ ሰዓት በሬን አንኳኩ። የተጠበሰ እንቁላልና አንድ ኩባያ ወተት ይዘዋል። ኮች ሳይነግሯቸው አልቀሩም።

"ሥጋ አላመጣልሽም፤ የእኛን እንደማትበዪ አውቃለሁ" አሉ። "እንቁላልና ወተት ግን ሃይማኖት የለውም።"

ሳህኑን አስቀምጠው፣ ፊታቸውን ወደ ግቢው አዙረው ቆሙ። እየራባቸው ለእኔ ጠበሱ። ጨው በዝቶበታል፤ ጾም ላይ ሆነው መቅመስ አይችሉማ። በሁዳዴ፣ በዐርብ ቀን፣ በሬን ዘግቼ ጨረስኩት። ጣፈጠኝ። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን ጣፈጠኝ።

የካቲት 17

እማዬ ደወለች። ስለ ጾም ምንም ሳትጠይቀኝ እኔው ቀድሜ፣ ዘንድሮ ጾሙ ቀሎኛል አልኳት። "ይቀበልልሽ" አለችኝ። ድምፅዋ ደስ የሚል ነበር። ሳልጠየቅ ለምን እንደምዋሽ አላውቅም።

ልምምድ ጥሩ ነበር። እግሬ እየተመለሰልኝ ነው።

የካቲት 22፣ እሑድ

ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ አንድ የማላውቃቸው አዛውንት ሯጭ መሆኔን ሰምተው፣ ማራቶን መቼ ነው አሉኝ። ሁለት መቶ ሜትር ነው የምሮጠው አልኳቸው። ጥቂት አስበው፣ "እሱማ ከዚህ ገበያውም አያደርስ" አሉ። አገሩ ሁሉ እንዲህ ነው። ሯጭ ሲባል ሃያ አምስት ዙር የሚዞር ይመስለዋል። ባንዲራ ለብሼ ለአፍሪካ ሻምፒዮና የሄድኩ ጊዜ እንኳ አምስተኛ ወጥቼ ስመለስ የብቸና ሰው የጠየቀኝ፣ ረዥሙን መቼ ትሞክሪዋለሽ ብሎ ነው።

እኔ ግን አጭሩን አልመረጥኩትም። አባቴ ሲሞት እማዬ ቆሎ በቅርጫት ይዛ መናኸሪያ ወጣች፤ እኔም አብሬ። ተሳፋሪው በመስኮት ቆሎውን ተቀብሎ ኪሱን ሲዳብስ መኪናው ይነሳል። ያኔ እማዬ "ትሁዬ!" ትላለች፤ እኔ እሮጣለሁ። ከመናኸሪያው በር እስከ ትንሿ ድልድይ ድረስ ከደረስኩበት ደረስኩበት ነው። ከድልድዩ ወዲያ ሾፌሩ ማርሽ ይቀይራል፤ ማንም አይደርስበትም። ካልደረስኩ የዚያ ቀን እራታችን በአውቶቡሱ ተሳፍሮ ሄደ ማለት ነው። እና ሩጫ ለእኔ ያቺ ቦታ ናት። የትምህርት ቤት ውድድር ላይ ሁሉንም ጥያቸው ስሄድ መምህራኑ ከየት ተማረችው ተባባሉ። ከአውቶቡስ ነው የተማርኩት።

እማዬ እኔ በምሮጥበት ሰዓት ባለችበት ቆማ አባታችን ሆይ ትጀምራለች። "የዕለት እንጀራችንን" የሚለው ላይ ስትደርስ ሩጫው ያልቃል። መምሬ ሀብተ ሥላሴ በዚህ ሁልጊዜ ይቀልዱብኛል፤ "ያንቺ ሩጫ ጸሎት አያስጨርስም" ይሉኛል።

የካቲት 26

ሾፌሩ እንዳለው ከብቸና የእማዬን ዕቃ አመጣልኝ። ሚኒባሱን በዚህ መስመር ሲነዳ ዓመታት ሆኖታል፤ የእማዬን ፌስታል አንድ ቀን አስከፍሎኝ አያውቅም። በሶ፣ ቆሎ፣ የተፈጨ ተልባ አለበት። ከሥር ደግሞ ክዳኑ በጨርቅ የታሰረ ጣሳ። ስከፍተው ቅቤ ነው።

ደውዬ ይኼ ምንድነው አልኳት። "ለእግርሽ ማሻ ነው" አለችኝ።

ቅቤው ተነጥሯል። ኮረሪማውና ኮሰረቱ ይሸታል። ማን እግሩን በተነጠረ ቅቤ ይታሻል? እማዬ እያረጀች ነው መሰለኝ፤ ጣሳ ተሳስታ ነው። ሳቄ መጣ፤ ቆይቶ ግን ሆዴ ባባ። ለእትዬ ሂዳያ ሰጠኋቸውና እንቁላሉን በእሱ መጥበስ ጀመሩ። በሶውንና ቆሎውን ደግሞ ማታ እነሱ ሲያፈጥሩ አብረን እንበላዋለን። ቤቱ ሁሉ የእማዬን ቆሎ ወዷል።

የካቲት 29

ከልምምድ ስመለስ እትዬ ሂዳያ ግቢው ውስጥ ስልክ እያወሩ ነበር። "አዎ፣ በልታለች። ሁለቱንም። ወተቱንም ጨርሳለች" ሲሉ ሰማሁ። ቀጥለው፣ "ኧረ አታውቅም። አብሽሪ" አሉ። ሲያዩኝ ስልኩን ዘጉት።

ልጃቸው ሳብሪያ ባሕር ዳር ሄዳለች፤ ሕፃኗን እሳቸው ጋ ትታ ነው። እናት ሆና መጨነቋ ያለ ነው። ግን ያቺ ሕፃን ሁለት እንቁላል መጨረሷ ገረመኝ። ገና ጥርስ እያወጣች ነው።

መጋቢት 3

መንገድ ተዘግቷል። ኔትወርክም የለም። እንዳለው ሚኒባሱን አቁሞ ቤቱ ተቀምጧል። ኮች በዝግ መንገድም ልምምድ አለ አሉ። አለ።

መጋቢት 6፣ ደብረ ዘይት

የጾሙ እኩሌታ። እኩሌታው የማን እንደሆነ አላውቅም፤ የእኔ አይደለም።

ዛሬ ቅዳሴ ሄጄ ከኋላ ቆሜ ነበር። ጎኔ የነበሩ አሮጊት በትራቸውን ተደግፈው እግራቸው ይንቀጠቀጣል፤ ግን አልተቀመጡም። እማዬን አሰብኳት። እሷም አትቀመጥም። መንገዱ ከተዘጋ ጀምሮ ድምፅዋን አልሰማሁም። ድሮ ክለብ ሳለሁ ወር ሳልደውልላት እቀር ነበር፤ ያኔ ምንም አይመስለኝም ነበር። አሁን ጥቂት ቀን ከበደኝ። ምናልባት ስለምዋሻት ይሆናል። የዋሹትን ሰው ቶሎ ቶሎ ማየት ያምራል።

መጋቢት 11

ዒድ። መንገዱ ተከፈተ፣ ስልኩም ሠራ። እማዬ በሁለተኛው ጥሪ አነሳች። ድምፅዋ ቀጥኗል፤ ጉንፋን ነው አለችኝ። የት ነሽ ስላት መናኸሪያ ነኝ አለችኝ፤ ግን የመኪና ድምፅ አይሰማም። በዓል ስለሆነ መኪና የለም ይሆናል።

መጋቢት 14

እትዬ ሂዳያ ጾማቸውን ከፈቱ ሦስት ቀን አለፋቸው። ዛሬም እንቁላሉ ጨው ነው። ለካ ጾሙ አልነበረም! እንዲያው ጨው ይወዳሉ። ስነግራቸው ሳቁና፣ "ታዲያ እስከ ዛሬ ዝም ብለሽ በላሽ?" አሉኝ። ዝም ብዬ ነው የበላሁት።

መጋቢት 16

እንዳለው አዲስ ፌስታል አመጣ። እጄ ላይ ካስቀመጠው በኋላም ቆሞ ቀረ። "እናትሽ ሰሞኑን ተቀምጠው ነው የሚሸጡት" አለኝ። "መኪና ሲመጣ አይነሱም። ከስተዋል።"

ጉልበቷን ያማታል አልኩት። ድሮም ያማታል። እሱ ግን ገና ንግግሩን አልጨረሰም ነበር። ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ሁሉ እህል ሲቀምስ እሷ ፀሐይ እስክትገባ በደጀ ሰላሙ አጥር ሥር እንደምትቀመጥ ነገረኝ። ለምን እንደሆነ ጠይቋት፣ "የቀረኝ አለ" ብላዋለች።

ምን ቀርቷት ነው? ሽማግሌ ሰው ጾም ሲያጠብቅ ያለ ነው። ሩጫው ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ አሁን ስለዚህ ማሰብ አልችልም። ፌስታሉ ውስጥ አሁንም ቅቤ አለ።

መጋቢት 18፣ ባሕር ዳር

ደረስን። ሙቀት። ኮች ቀድመሽ ተኚ አሉ። ታፋዬ ደኅና ነው። ማታ ለእማዬ ደወልኩ፣ አታነሳም። ተኝታ ይሆናል። ነገ ጠዋት። ነገ።

መጋቢት 19

ሁለተኛ ወጣሁ!

ከተኩሱ እስከ ክሩ ድረስ የማስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው። መታጠፊያውን ስጨርስ ሁለት ሴቶች ከፊቴ ነበሩ፤ ያኔ ድልድዩ ታየኝ። ባሕር ዳር ስታዲየም ውስጥ፣ የብቸናዋ ትንሿ ድልድይ። መኪናው ማርሽ ሊቀይር ነው አልኩና አንዷን በደረቴ ቀደምኳት። ኮች ስጦታው ሰው ፊት አለቀሱ። እኔም ኮች ሲያለቅሱ አይቼ አለቀስኩ። የክለብ ሰዎች አነጋገሩኝ፤ ከፋሲካ በኋላ ለብሔራዊው ሻምፒዮና ተዘጋጂ፣ ከዚያ እንፈራረማለን አሉ።

ከሰዓት በኋላ ለእማዬ ስደውል ያነሳችው ጎረቤታችን ወይንእሸት ናት። "ቤተ ክርስቲያን ናት፤ እነግራታለሁ፤ እንኳን ደስ አለሽ" አለችኝ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ቅዳሴ የሚያልቀው ጠዋት ነው። አልጠየቅኋትም።

ነገ ሞጣ፣ ከነገ ወዲያ ብቸና።

መጋቢት 21፣ ብቸና

እማዬ ተኝታለች። አልጋው ላይ ከእሷ ይልቅ ጋቢው ጎልቶ ይታያል። ዐርብ ዕለት ቅዳሴ ላይ ወድቃ ጤና ጣቢያ ወስደዋት ግሉኮስ ሰጥተዋታል። አገር ምድሩ ያውቃል። ሩጫዬ እንዳይበላሽብኝ ከእኔ ብቻ ደበቁት። ወይንእሸትን ልቆጣት አፌን ከፍቼ ተውኩት። እኔም ስንቱን ደብቄ ከርሜያለሁ።

ስታየኝ ተነስታ ልትቀመጥ ሞከረች። ከራሷ በፊት የኔን ታፋ ዳሰሰች። "ጠንቷል" አለች፤ ደስ አላት።

ወዲያው መምሬ ሀብተ ሥላሴ መስቀላቸውን ይዘው ገቡ። ባረኩኝና ከእማዬ ራስጌ ተቀምጠው በስሟ ጠሯት። "ዘርፈሽ፣ ልጅሽ እንድትበላ ፈቀድኩ እንጂ አንቺን ድርብ ጹሚ አላልኩሽም" አሉ።

እማዬ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ በቆምኩበት ቀረሁ። መምሬ አየት አደረጉኝና የማላውቅ መሆኔ ያን ጊዜ ገባቸው።

የሆነው እንዲህ ነው። ሁዳዴ ሳይገባ ኮች ስጦታው ለእማዬ ደውለው ኖሯል። እማዬ መምሬ ዘንድ ሄዳ ለመነችልኝ። መምሬም ጅማቷ ያልጠና ልጅ ናት፣ ትብላ፣ ስትመጣ ራሷ ትጠይቀኝ አሉ። እማዬ ግን እኔን ታውቀኛለች፤ አልጠይቅም። ሰው የፈቀደልኝን እንኳ አፍሬ እተወዋለሁ። ስለዚህ ለእትዬ ሂዳያ ደውላ አብዪልኝ አለቻቸው። የእኔ ጾም ባዶ እንዳይቀር ደግሞ ከራሷ ላይ ደረበችው። ሰው ሲቀምስ የእሷ አለቀ፤ ከዚያ እስከ ጀምበር ግባት ያለው የእኔ ነው። በየቀኑ።

ቅቤው ለማሻ አልነበረም። አውቄው ነበር ይሆን? እንጃ። እዚህ ደብተር ላይ "ተሳስታ ነው" ብዬ የጻፍኩትን ዛሬ መልሼ ሳነበው ፊቴ ጋለ። እኔ ጾሙ ቀሎኛል ስላት ይቀበልልሽ ያለችኝ እውነቷን ነው። ለነገሩ ቀሎኝ ነበር፤ ተሸክማልኛለችና።

መጋቢት 22

መምሬ እማዬን አዘዟት፤ ከዛሬ ጀምሮ በጠዋት እህል ቅመሺ፣ በሽተኛ ነሽ አሏት። "የራሴን ጾም እሺ" አለች። የልጄን ግን ጀምሬ አልተውም አለች። አጥሚቱን አቅርቤላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እኔም ተናደድኩ። በልቻለሁ፣ ዋሽቼሻለሁ፣ በሬን ዘግቼ ወተት ጠጥቻለሁ አልኳት። አውቃለሁ አለች። ስንት ኩባያ እንደጠጣሁ ሁሉ ታውቃለች።

"በቃ አንቺ ብይ" አልኳት። "የቀረውን እኔ እጾማለሁ። የእኔንም የአንቺንም።"

ዞር ብላ አየችኝ። ከታመመች ጀምሮ ስትስቅ አልሰማኋትም ነበር፤ አሁን ሳቀች።

"አንቺማ የአጭር ርቀት ነሽ ልጄ" አለች። "ጾም ረዥም ነው።"

"አሠልጥኚኛ" አልኳት።

አጥሚቱን ወሰደች። ግማሹን ጠጣች። አንድ ኩባያ አጥሚት ሲጎድል እንደማየት የሚያስደስት ነገር ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

መጋቢት 25

ኮች ደወሉ። ነገርኳቸው። እስቲ አስቢው፣ ሻምፒዮናው ከፋሲካ በኋላ ነው፣ ጅማትሽን ትበጥሺዋለሽ፣ ክለቡ ሁለተኛ አይጠብቅሽም አሉ። ሁሉም እውነት ነው። ፈራሁ፤ እፈራለሁ። ግን እሷ ስትወድቅ እኔ እንቁላሌ ጨው በዛበት ብዬ እቀልድ ነበር። ሩጫ ትቼ በእግር ብቻ እንቀሳቀሳለሁ፣ ከፋሲካ ማግስት ሜዳ ላይ ነኝ አልኳቸው። በመጨረሻ፣ ማታ ማታ ውኃ በደንብ ጠጪ ብለው ዘጉት።

ዛሬ የእማዬን ቅርጫት ይዤ መናኸሪያ ዋልኩ። አንድ ተሳፋሪ ቆሎ ተቀብሎኝ መኪናው ተነሳ። አልሮጥኩም። እንዳለው ከኋላ በሚኒባሱ ደርሶበት አስቆመልኝ።

መጋቢት 29፣ ሰሙነ ሕማማት

ራስ ምታት። ስግደቱ ከሩጫው መነሻ ብሎክ ከመነሳት ይብሳል፤ ታፋዬን እየሰማሁ ቀስ ብዬ ነው የምሰግደው። ስመለስ እማዬ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። ጉንጯ ላይ ትንሽ ወዝ ታየኝ። "የት ደረስሽ?" አለችኝ። ድልድዩ ጋ አልኳት። "ገና ነሽ፤ አሁን ነው ማርሹን የሚቀይረው" አለች።

አልተሳሳተችም።

ሚያዝያ 2፣ ስቅለት

እስከ እሑድ ድረስ ላከፍል ነው፤ እህልም ውኃም የለም። ይህን ለኮች አልነገርኳቸውም። እማዬ ተይው፣ ግዴታ አይደለም አለችኝ። አንቺ በየዓመቱ ታከፍዪ የለም ወይ አልኳት። ከንፈሬ ደርቋል። ለመጻፍም...

ሚያዝያ 4፣ ትንሣኤ

ወገቧን ደግፌ አብረን ቤተ ክርስቲያን አድረን መጣን። መንገዱን ሁሉ ክንዴን ይዛኝ ነበር። ቤት ስንገባ የተደገፈው ማን እንደነበር አላውቅም፤ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ትናንት ማታ እንዳለው ከሞጣ አንድ ፌስታል አድርሶልናል። እትዬ ሂዳያ የላኩት ነው። በጨርቅ የተጠቀለለ ቅቅል እንቁላል፣ በወረቀት ደግሞ ጨው። የጨዉ ብዛት የአንድ ሰፈር ከብት ያልሳል። እማዬ አይታው፣ "ሂዳያ አልተለወጠችም" አለች። ለካ እሷም ገና ያን ጊዜ፣ እኔን በአደራ ያስረከበች ዕለት ቀምሳዋለች።

አንድ እንቁላል ልጣ ጨው ነሰነሰችበት። ለራሷ መስሎኝ ነበር፤ ወደኔ አፍ አመጣችው። አንቺ ቅደሚ አልኳት። ከንፈሬ ላይ ልታስነካው ስትል ያዝ አደረገችውና አባታችን ሆይ ጀመረች። ቀስ ብላ፣ እኔ ስሮጥ በምትለው ዓይነት። "የዕለት እንጀራችንን" ስትል በልማዴ አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን አላቆመችም። "በደላችንንም ይቅር በለን" አለች፣ ዓይን ዓይኔን እያየች፤ ቀጠለች፣ ቀጠለች። እንባዬ እየወረደ እስከ አሜን ድረስ ጠበቅኋት።

"ደረስሽ" አለችኝ። "በይ አሁን ብይ።"